አዲስ ስፒከር የማሟሸት ልማድ

አዲስ ስፒከርን ማሟሸት ማለት፣ ሣጥን ውስጥ ከመገጠሙ ወይም ከመለካቱ በፊት ወፍራም የመፈተኛ ቃና ለቆበት ኮኑን ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ለሰዓታት፣ ወዲያ ወዲህ ማመላለስ ነው። ቃሉ የምጣድና የጀበና ቢሆንም ለሥራው ይመጥናል። ምጣድ ጎመን ዘር ተነስንሶበት እሳት ላይ ሲሟሽ ሸክላው እንደሚለወጥ ሁሉ፣ በስፒከሩም ውስጥ አንድ ነገር በእርግጥ ይለወጣል። ክርክሩ የሚነሣው ምን ያህል እንደሚለወጥና ጆሮ ይስማው አይስማው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ስፒከር የሚባለው ማግኔት፣ ኮይል (የመዳብ ሽቦ ጥቅል) እና ኮን (አየሩን የሚገፋው ሾጣጣ ገጽ) ያለው ክብ ዕቃ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ለሠርግና ለስብሰባ የሚቆመውን ትልቅ ሣጥን ሕዝቡ «ሞንታርቦ» ይለዋል፤ ስሙ የአንድ የጣሊያን አምራች የንግድ ስም ነበር። የሚሟሸው ግን ሣጥኑ አይደለም፣ በውስጡ የተቀመጠው ክብ ዕቃ ነው።

የስፒከር ኮን በሁለት ቦታ ተይዟል። በውጭ በኩል ከብረት ቅርጫቱ ጋር የሚያያይዘው፣ ከጎማ፣ ከስፖንጅ ወይም ከታጠፈ ጨርቅ የተሠራ ጠርዝ አለ። ከኋላ፣ ኮይሉ ከኮኑ ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ፣ ድንጋይ የተወረወረበት ኩሬ እንደሚሠራው ሞገድ በክብ በክብ የተሸነሸነ ጨርቅ አለ። ስፓይደር ይባላል፤ ሸረሪት ማለት ነው። የዛሬው ስፓይደር ሸረሪት አይመስልም። ስሙ የቀረው በቀድሞው ዘመን ኮይሉን መሃል ይይዝ ከነበረው ቁራጭ ነው፤ ከባከላይት ዓይነት ጠንካራ ዝርግ ተቆርጦ የሚወጣ፣ ቀጫጭን እግሮች ያሉት ነበርና። ጠርዙና ስፓይደሩ አንድ ላይ የኮኑ ሞላ ናቸው። ኮኑ ወደፊትም ወደኋላም ሲሄድ ወደ ቦታው ይመልሱታል፤ ኮይሉም በማግኔቱ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ግድግዳውን ሳይነካ እንዲመላለስ ያደርጉታል። ሲሟሽ የሚለወጠው ይህ ሞላ ነው። ማግኔቱ አይሟሽም፤ የመዳቡ ሽቦም አይሟሽም።

የሞላው ልልነት ቁም ነገር የሆነው ግን ስፒከር እንደተፈለሰፈ አይደለም። ቨርነር ፎን ሲመንስ በማግኔት መስክ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ኮይልን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በፓተንት ሲያስመዘግብ፣ ኮይሉን በሙዚቃ የሚያንቀሳቅስ አምፕሊፋየር ገና አልተሠራም ነበር። ኦሊቨር ሎጅ በ1898 እንግሊዝ ውስጥ አሻሽሎ ያስመዘገበውም በዚሁ ምክንያት ገበያ አላገኘም። ፒተር ጄንሰንና ኤድዊን ፕሪድሃም በካሊፎርኒያዋ ናፓ በ1915 የሠሩት መሣሪያ ነው ሕዝብ ፊት የቀረበው፤ ማግናቮክስ ብለው ሰየሙት። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን በሴፕቴምበር 1919 ሳን ዲዬጎ ላይ ለ50 ሺሕ ያህል ሰው የተናገሩት በዚሁ መሣሪያ ነበር። ማግናቮክስ ድምፁን የሚያጎላው ግን ትልቅ መለከት ገጥሞ ነው። በመለከት ስፒከር ድያፍራሙ፣ ማለትም የሚርገበገበው ስስ ገጽ፣ የሚጓዘው ከፀጉር ውፍረት ብዙም የማይበልጥ ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ እስከ የት እንደሚወርድ የሚወስኑትም በዋናነት የመለከቱ ርዝመትና የአፉ ስፋት ናቸው። ስለ ማሟሸት የሚጨነቅ ሰው ሊኖር አይችልም ነበር።

መንገዱን የቀየሩት የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶቹ ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ ናቸው። በ1925 ባቀረቡት ጽሑፍ መለከቱን ጣሉት። በምትኩ ትንሽ የወረቀት ኮን በኮይል እየተገፋ፣ በሰሌዳ ላይ ተገጥሞ፣ አየሩን በቀጥታ እንዲገፋ አደረጉ። ብልሃቱ ያለው ኮኑና ሞላው በራሳቸው የሚርገበገቡበት ድግግሞሽ፣ ማለትም ሬዞናንሱ፣ መጫወት ካለበት የሙዚቃ ክልል በታች እንዲወድቅ ማድረጋቸው ላይ ነው። ከዚያ በላይ ባለው ክልል ኮኑን የሚገዛው ክብደቱ ይሆንና ድምፁ ሳይወጣና ሳይወርድ እኩል ይሄዳል። ሬዞናንሱ ዝቅ እንዲል ደግሞ ሞላው መላላት አለበት። መሣሪያው በ1926 በአርሲኤ ኩባንያ ስም «ራዲዮላ 104» ተብሎ ለገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የተሠራ የኮን ስፒከር ሁሉ የእነዚህ ሁለት ሰዎች ዝርያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሞላው ልልነት የወፍራም ድምፅ ወለል የሆነው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ሞላው ከላላ ወለሉም ይወርዳል።

አዲስ ሞላ ለምን ግትር ይሆናል? ስፓይደር የሚሠራው የተሸመነ ጨርቅ ፌኖሊክ በሚባል ሙጫ ተነክሮ፣ በጋለ ቅርጽ ማውጫ ተጨፍልቆ ነው። ከቅርጹ ሲወጣ ሙጫው ክሮቹን እርስ በርስ አጣብቋቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሰፋፊ ጉዞዎች እነዚህን ጥቃቅን ማያያዣዎች ይሰባብሯቸዋል። አሚዶ የተደረገበት ኮሌታ በእጅ ሲታሽ እንደሚላላው ያለ ነው፤ ጨርቁ አልተቀደደም፣ ቅርጹም አልጠፋም፣ ድርቀቱ ግን ለቀቀ። የጎማ ጠርዝ ጠባይ ደግሞ ሌላ ነው። ጎማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለጠጥ ግትር ነው፤ እስከዚያው ርቀት ደግሞ ሲለጠጥ ይላላል፤ ከዚያ ርቀት ካለፈ ግን እንደ አዲስ ግትር ይሆናል። ይህን ጠባይ በእንግሊዝ የጎማ ምርምር ውስጥ ይሠራ የነበረው ሊዮናርድ ማሊንስ በ1940ዎቹ በዝርዝር ስላጠናው በስሙ ይጠራል። ለስፒከር ሲተረጎም፣ በቀስታ የተሟሸ ስፒከር የተሟሸው በቀስታ ለተጓዘበት ርቀት ብቻ ነው ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ በለሆሳስ የተጫወተ አዲስ ስፒከር ጠዋት ድምፁ ከፍ ሲደረግ ያልተነካው የጎማው ጠባይ ይጠብቀዋል።

ከዚህ ልልነት ከፊሉ ብድር ነው። ለአንድ ሰዓት ከተንቀጠቀጠ በኋላ ወዲያው የተለካ ስፒከርና አርፎ አድሮ የተለካው ያው ስፒከር ተመሳሳይ ቁጥር አይሰጡም፤ ሞላው ሲሞቅና ሲሠራ የላላው ከፊሉ ሲያርፍ ይመለሳል። የማይመለሰው፣ ማለትም ሙጫው የተሰባበረበትና ጎማው ለመጀመሪያ ጊዜ የተለጠጠበት ክፍል፣ ባብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎችና ሰዓታት ያልቃል።

ይህን ሁሉ ለማየት ድግግሞሹ በትክክል የሚታወቅ ንጹሕ ቃና ያስፈልጋል። ንጹሕ ቃና ደግሞ ለብዙ ዓመታት ውድ ዕቃ ነበር። ዊልያም ሂውሌት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ ከአንዲት ትንሽ አምፖል በቀር የተለየ ነገር የሌለበት ኦሲሌተር ሠራ። የአምፖሏ ክር ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር ቃናው ከልክ በላይ እንዳይጎላና እንዳይዛባ ራሱን በራሱ ይገታል። እሱና ዴቪድ ፓካርድ በፓሎ አልቶ ጋራዥ ውስጥ የጀመሩት ድርጅት የመጀመሪያ ምርት ይኸው «200ኤ» የተባለው ነው፤ 54 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፣ የሌሎች አምራቾች ዋጋ ከ200 ዶላር በላይ በነበረበት ጊዜ። የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ ለ1940ው ፊልም ለ«ፋንታዚያ» የድምፅ ሥራ ተከታዩን «200ቢ» ስምንት ገዛ። እንዲህ ያለ ኦሲሌተር ተራ መሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የስፒከርን ሬዞናንስ መፈለግ የደቂቃዎች ሥራ ሆነ።

አሠራሩ ዛሬም ያው ነው። ስፒከሩ ምንም ሣጥን ሳይኖረው፣ አየር ላይ ተይዞ፣ ከአንድ ትልቅ ሬዚስተር (ብዙውን ጊዜ 1,000 ኦም) ጋር በተከታታይ ይገናኛል። ቮልት መለኪያው የስፒከሩ ሁለት ጫፎች ላይ ይደረጋል። የኦሲሌተሩ መዘውር ከ100 ኸርዝ ወደ ታች በቀስታ ሲዞር መርፌው መውጣት ይጀምራል፤ አንድ ቦታ ላይ ጫፍ ነክቶ ይወርዳል። ያ ጫፍ ሬዞናንሱ ነው። ኮኑም በዓይን ይታያል፤ እዚያ ቦታ ላይ በትንሽ ኃይል ብዙ ይጓዛል። ከዚያ ስፒከሩ ለጥቂት ጊዜ በኃይል ተንቀጥቅጦ፣ አርፎ፣ እንደገና ሲለካ ጫፉ ወደ ታች ሸሽቶ ይገኛል። በፊት 40 ኸርዝ ላይ የነበረ ጫፍ 36 ተኩል ላይ ከተገኘ ሞላው በ20 በመቶ ላልቷል ማለት ነው። ሬዞናንስ የሚቀንሰው በልልነቱ ካሬ ሥር ስለሆነ፣ 20 በመቶ የሚለው ቁጥር በድግግሞሹ ላይ ሲታይ 9 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል።

ልኬቱ የሣጥን ሠሪ ዕለታዊ ጉዳይ የሆነው በሁለት እርምጃ ነው፤ የሚገርመው ደግሞ ሁለቱ ወደ ተለያየ አቅጣጫ መሄዳቸው ነው። የመጀመሪያው የኤድጋር ቪልቸር ነው። በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው በዉድስቶክ የሚኖረው ይህ ሰው፣ ስፒከሩን አየር በማያስገባ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ቢዘጋው በውስጡ የታሰረው አየር ራሱ ሞላ እንደሚሆን አሰበ። የጨርቁ ሞላ በተቻለ መጠን ልል እንዲሆን ፈለገና የሙከራ ስፒከሩን ጠርዝ ቆርጦ ጣለው፤ በምትኩ ሚስቱ ሮዝማሪ ከፍራሽ ጨርቅ ሰፍታ አዲስ ጠርዝ ሠራችለት። በ1954 ከተማሪው ከሄንሪ ክሎስ ጋር በማሳቹሴትስ ግዛት ኬምብሪጅ ውስጥ አኩስቲክ ሪሰርችን አቋቋመ፣ «ኤአር-1» የተባለውንም ስፒከር አወጣ። አየር አይደክምም፣ አይሟሽምም። በቪልቸር ሣጥን የጨርቁ ሞላ ድርሻ ትንሽ ስለሆነ ጨርቁ ቢላላም ባይላላም የሚለወጠው ጥቂት ነው። ማለትም የማሟሸት ጥያቄ ገና በቅጡ ሳይነሣ ግማሽ መልሱ ተሰጥቶት ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። ኔቪል ቲል በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ያለ ስፒከር ጠባይ ከጥቂት ቁጥሮች ብቻ ሊሰላ እንደሚችል አሳየ። ጽሑፉ በአሜሪካ የኦዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት በ1971 እንደገና እስኪወጣ ድረስ ከአገሩ ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነበር። በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሪቻርድ ስሞል ከ1972 ጀምሮ አስፋፋው። ቁጥሮቹ በሁለቱ ስም የቲልና ስሞል መለኪያዎች ይባላሉ፤ ከእነሱ መካከል ሬዞናንሱና የሞላው ልልነት ከስንት ሊትር አየር ጋር እንደሚተካከል የሚገልጸው ቁጥር ይገኙበታል። ሁለቱም ሲሟሽ የሚለወጡ ናቸው። ከዚህ በኋላ ሣጥን ሠሪ እንጨት ከመቁረጡ በፊት መለካት ጀመረ፤ ሲለካም ከካርቶኑ እንደወጣ የሚገኘው ቁጥር አምራቹ ካተመው ጋር አልገጥም አለው። አምራቹ አልዋሸም፤ የለካው የተሟሸውን ነው። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ስለ ስፒከር ልኬት ያወጣው 60268-5 የተባለው ደረጃም ይህንኑ ያዝዛል፦ ከመለካቱ በፊት ሙዚቃን የሚመስል የፈተና ጩኸት ስፒከሩ በተመደበለት ቮልቴጅ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይለቀቅበታል፣ ከዚያ ተነቅሎ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያርፋል፣ ልኬቱ የሚጀመረው ያኔ ነው። የዕረፍቷ ሰዓት ለብድሩ መመለሻ ናት።

ደረጃው የሚያዝዘው ጩኸት ነው፤ በየቤቱ የሚሠሩ ሰዎች ግን ነጠላ ቃና ይመርጣሉ፣ ብዙውን ጊዜ ከሬዞናንሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ምክንያቱ ጉዞው ነው። ከሬዞናንሱ በላይ ባለው ክልል፣ ቮልቴጁ ሳይለወጥ ድግግሞሹ እጥፍ ሲሆን የኮኑ ጉዞ ወደ ሩብ ይወርዳል። 30 ኸርዝ ላይ ኮኑን አንድ ሴንቲሜትር የሚያስኬድ ኃይል 300 ኸርዝ ላይ የሚያስኬደው ከሚሊሜትር በጣም ያነሰ ነው፤ ጆሮ ያደነቁራል እንጂ ሞላውን አያላላውም። 20 ወይም 25 ኸርዝ በአንጻሩ እምብዛም ሳይሰማ ኮኑን ያስጋልበዋል። ጎረቤት እንዳይረበሽ ደግሞ የቆየ ዘዴ አለ፤ ሁለት ተመሳሳይ ስፒከሮች ፊት ለፊት ተጋጥመው የአንዱ ሽቦ ተገልብጦ ይገናኛል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ስለሚገባ በመካከል ያለው አየር ብቻ ይመላለሳል፣ የሁለቱም ድምፅ ውጭ ላይ ይጣፋል።

አደጋ አለው። ሙዚቃ እየጮኸና እያረፈ ስለሚሄድ ኮይሉ መተንፈሻ ያገኛል፤ ነጠላ ቃና ግን አያርፍም፣ ኮይሉም ይግላል። የመዳብ ሙቀት በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ሬዚስታንሱ በ39 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከዚያ ካለፈ የሚመጣው የቫርኒሽ ሽታ ነው። ኮኑ ከልኩ በላይ ከተጓዘ ደግሞ ኮይሉ የማግኔቱን የኋላ ብረት እየመታ ይንኳኳል። ቀጭኑን ድምፅ ለሚያወጣው ለትዊተር ይህ ሁሉ አይሆንም። ጉዞው ከሚሊሜትር ክፍልፋይ የማይዘል ነውና፣ ወፍራም ቃና በቀጥታ የተለቀቀበት ትዊተር ሳይሟሽ ይሞታል።

የተሟሸው ስፒከር ሣጥን ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? ሬዞናንሱ 30 ኸርዝ የሆነ፣ የሞላው ልልነትም ከ60 ሊትር አየር ጋር የሚተካከል ስፒከር 20 ሊትር በሚይዝ ዝግ ሣጥን ውስጥ ቢገባ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሬዞናንሳቸው 60 ኸርዝ ይሆናል። ተሟሽቶ ሞላው በ20 በመቶ ቢላላ የስፒከሩ ሬዞናንስ ወደ 27.4 ይወርዳል፣ ተመጣጣኙ አየርም ወደ 72 ሊትር ያድጋል። ወረቀት ላይ ሁለቱም ትልቅ ለውጥ ናቸው። ሣጥኑ ውስጥ ሲሰላ ግን የሚወጣው 58.7 ኸርዝ ነው፤ ከቀድሞው የሚለየው በ2 በመቶ ነው። በፒያኖ ላይ በሁለት አጎራባች ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት 6 በመቶ ያህል መሆኑን ልብ ይሏል። ሁለቱ ለውጦች በተቃራኒ ስለሚጎትቱ ይጣፋሉ፤ ኮይሉ፣ ማግኔቱና የኮኑ ክብደት እስካልተለወጡ ድረስ መጣፋታቸው አይቀርም።

ልማዱ ከመለኪያ ጠረጴዛ ወደ ሳሎን ሲሻገር ይህ ስሌት አብሮ አልተሻገረም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የሙዚቃ መሣሪያ ወዳጆች ዘንድ፣ አዲስ ስፒከር 50 ወይም 100 ሰዓት፣ እንዲያም ሲል 200 ሰዓት ካልተጫወተ ትክክለኛ ድምፁን አይሰጥም የሚለው እምነት ሥር ሰደደ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለማሟሻ ተብሎ የተዘጋጀ ሲዲ እንኳ ይሸጥ ነበር። እምነቱ ሞላ በሌላቸው ዕቃዎችም ላይ ተዛመተ፤ አምፕሊፋየር ይሟሽ፣ ሽቦም ይሟሽ ተባለ። አድማጩ ከመቶ ሰዓት በኋላ ድምፁ አምሮልኛል ሲል ውሸት አይናገርም። ነገር ግን በዚያ መቶ ሰዓት ውስጥ ከስፒከሩ ይልቅ የተሟሸው ጆሮው ነው። እንግዳ ድምፅ ሲደጋገም እንግድነቱ ይጠፋል፤ ያልተሟሸው ጥንድ ጎን ተቀምጦ ካልተወዳደረ በቀር ሁለቱን መለየት አይቻልም። ብዙ ሱቆች ዕቃ የሚመልሱበት ቀነ ገደብ አላቸው፤ መቶ ሰዓት ይጠበቅ የሚለው ምክር ለማን እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል።

የጊታር ተጫዋቾች ነገር ለየት ይላል፣ የበለጠም እውነት አለው። የጊታር ስፒከር ጠርዝ ባብዛኛው የራሱ የኮኑ ወረቀት ነው፤ ጫፉ ተሸንሽኖ ከቅርጫቱ ጋር ይጣበቃል። ሣጥኑም ብዙ ጊዜ ጀርባው ክፍት ስለሆነ ለውጡን የሚሸፍን የአየር ሞላ የለም። ኮኑ ራሱ እየተጣመመ ድምፁን እንዲያቀልም የሚፈለግ በመሆኑ የወረቀቱ መላላትም ድምፁ ውስጥ ይገባል። ለዓመታት በመድረክ የተገረፈ አሮጌ ስፒከር ከአዲሱ በላይ የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። አምፕሊፋየር ሠሪዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ዘዴ ቁጠባቸውን ያሳያል፤ የቫልቭ ክር ለማሞቅ የተሠራውን 6.3 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር በቀጥታ ስፒከሩ ላይ ይሰካሉ። ባለ 8 ኦም ስፒከር ላይ ይህ 5 ዋት ገደማ ነው። ቃናው የመብራት ኃይሉ የራሱ ነው፣ በአሜሪካ 60 ኸርዝ፣ በአውሮፓ 50። ከብዙ የጊታር ስፒከሮች ሬዞናንስ ዝቅ የሚል ስለሆነ ኦሲሌተርም አምፕሊፋየርም ሳያስፈልግ ኮኑን በደንብ ያመላልሰዋል።

የሰዓት ቆጠራውን ጉዳይ በቁጥር የዘጋው በድሬስደን የሚሠራው ቮልፍጋንግ ክሊፕል ነው። በ2011 ባቀረበው ጥናት የሞላን መላላት ከሰዓት ጋር ሳይሆን በሞላው ላይ ከተሠራው ድምር ሥራ ጋር አያያዘው። ብዙ የተጓዘና በኃይል የተገፋ ሞላ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ በለሆሳስ የሚጫወት ሞላ በወራትም ላይደርስ ይችላል። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ይዘረጋል፤ ነገር ግን ጨርሶ አይቆምም። ስለዚህ ማሟሸትና ማርጀት የአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች ናቸው።

የስፖንጅ ጠርዝ ሁለተኛው ጫፍ ላይ ቶሎ ይደርሳል። ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እርጥበትና ብርሃን ይበሉትና በጣት ሲነካ እንደ ኬክ ፍርፋሪ ይረግፋል። ጠጋኝ የተበላውን ጠርዝ ጠርጎ፣ የመሃሉን ቆብ በምላጭ ያነሣል። ኮይሉ መሃል እንዲቆም በኮይሉና በብረቱ መካከል ቀጫጭን የፕላስቲክ ቁራጮች ይሰካል፣ ከዚያ አዲሱን ጠርዝ በማስቲሽ ያጣብቃል። ማስቲሹ ሲደርቅ ቁራጮቹን ይመዝና ከ20 እስከ 30 ኸርዝ ያለ ቃና በቀስታ ይለቃል። ኮይሉ ብረቱን ከነካ እንደ አሸዋ የሚፍጨረጨር ድምፅ ይሰማል፤ ያኔ ጠርዙ ተላቆ እንደ አዲስ ይጣበቃል። ካልተሰማ ቃናው ከፍ ይልና አዲሱ ጠርዝ እዚያው ይሟሻል፤ ቆቡ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።